አባሪ፦ አንድ ጧፍ

አንዳንድ ሰው ጅብ ይፈራል፤ አንዳንዱ አማቱን። እኔ ጎልማሳ በነበርሁበት ጊዜ የምፈራው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ ሰበታ የገባ አንድ የብረት ዕቃ ነበር። የጽሕፈት መኪና ይሉታል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ስላልነበረ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አንድ ፊደል እንኳ ሳይጽፍ እኔን ሁለት ወር ሙሉ ምግብ ከልክሎኛል።

ለምን እንደፈራሁት ለመናገር ስለ እጅ ጽሑፌ መናገር ግድ ይሆንብኛል። ባለቤቴ ብትሰማ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች፤ ግን ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

የተወለድሁት ሱሉልታ ነው። አባቴ ድርቆሽ እያጨደ የሚሸጥ ገበሬ ነበር። እኔ ግን ሣር በነካሁ ቁጥር ስለማስነጥስ ለአጨዳ እንደማልሆን ቶሎ ገባው። ተስፋ ቆርጦ ለአንድ መነኩሴ ቁም ጸሐፊ ሰጠኝ። እሳቸው ዘንድ ስድስት ዓመት ተቀመጥሁ። አንዲት ፊደል አንገቷን ካጣመመች ብዕሩ ወደ ወረቀቱ ሳይሆን ወደ ጣቴ ነበር የሚሄደው። ከዚያ ወጥቼ ሰበታ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስቀጠር፣ ከዚያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ የሚጻፍ ሆነ። ደብዳቤዎቼ ጅማ ደርሰዋል፤ እኔ ራሴ ግን እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከተጂ ከተማ አልፌ አላውቅም ነበር።

በጽሑፌ እኮራ ነበር፤ አልደብቅም። ባለጉዳይ ደብዳቤውን ተቀብሎ ማንበቡን ትቶ ዝም ብሎ ሲያየው ደስ ይለኛል። ባለቤቴ የቡራዩ ልጅ ናት፤ እንደ ቡራዩ ሴቶች አፏ ስለት ነው። «ጽሑፍህን ያየ ሰው ቁመተ ረጅም ነህ ብሎ ይጠብቃል፤ ስትመጣ ያዝናል» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ የጽሕፈት መኪናው የመጣው በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው። መጀመሪያ ማንም ምንም አላለኝም። ቀጥሎ ወሬው መጣ፤ በታኅሣሥ አንዲት በሙያው የሠለጠነች ታይፒስት ከአዲስ አበባ ትመጣለች ተባለ። እኔስ? ስለ እኔ ወሬ እንኳ አልነበረም። ያኔ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ከመጻፍ በቀር የምችለው ሥራ የለም። አጨዳ ብሞክር ደግሞ ማስነጠሱ አለ።

የበላይ ሹሜ ከወደ ሰሜን የመጡ፣ ረዥም፣ ፀሐይ ሲበረታ እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው የሚያስበው ይታወቃል። እሳቸው ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሳላቸውን መተርጎም ጀመርሁ። ጠዋት ሲገቡ አንድ ጊዜ ካሳሉ ብርዱ ነው። ሁለት ጊዜ ካሳሉ ስለ እኔ አስበዋል። ሦስት ጊዜ ካሳሉ መሰናበቴ ተቆርጧል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የስንብት ደብዳቤዬን የሚጽፈው ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። እኔው ነኝ የምጽፈው! አንድ ቀን ሳላስበው ደብዳቤውን በምን ዓይነት ፊደል ባሳምረው እንደሚሻል ስመርጥ ራሴን ያዝሁት።

መጸለይ እጸልይ ነበር። በየማለዳው ወደ ሥራ ስሄድ የሰፈራችንን ቅዱስ ሚካኤል ተሳልሜ ነው የማልፈው። ነገር ግን ጸሎቴ ጸሎት ሳይሆን ማብራሪያ ሆነ። ስንት ዓመት እንዳገለገልሁ እዘረዝራለሁ፤ ሥራ የገባሁበትን ወር አስታውሳለሁ፤ ልጆቼን በዕድሜ ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። ጨርሼ ጥቂት እርምጃ ከሄድሁ በኋላ የረሳሁት ነጥብ ትዝ ይለኝና ተመልሼ ደጁ ላይ እቆማለሁ። አሁንም ልቤ አያርፍም። ምክንያቱን ስመረምረው የሙያዬ ነገር ሆኖ አገኘሁት። እኛ መሥሪያ ቤት ገበሬ መጥቶ ችግሩን ሲናገር «በቃል የቀረበ አቤቱታ አንቀበልም፤ በጽሑፍ አቅርብ» ነው የምንለው። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ስል ኖሬ፣ ላይኛውም ቤት ሕጉ ያው ይመስለኝ ጀመር። የኅዳር ሚካኤል ደግሞ እየቀረበ ነው። አገሩ ሁሉ ለመልአኩ የሚያመለክትበት ቀን ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በቃል ያልሁት ቢረሳስ?

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ከምሳ በፊት ሥራ ሲቀልልኝ፣ ለክፉ ቀን ካስቀመጥሁት ጥሩ ወረቀት አንዱን አወጣሁ። የመንግሥት ወረቀት ነበር። ይህንንም በኋላ ተናዝዤዋለሁ።

ከላይ በቀኝ በኩል፣ ለወጪ ደብዳቤ እንደሚደረገው፣ «ቁጥር» ብዬ ባዶ ተውሁ፤ ከሥሩ ቀኑን ጻፍሁ። ቀጥሎ «ለሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል፣ ባሉበት» አልሁ። መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ ከሥራዬ እንዳልፈናቀል ምልጃ ስለ መጠየቅ» ብዬ አሰመርሁበት። ዕድሜ ልኬን በጸሎት «አንተ» ስለው የኖርሁትን መልአክ በደብዳቤው «እርስዎ» አልሁት፤ እጄ ሌላ አላውቅም አለ። ምክንያቶቼን በተራ ቁጥር አስቀመጥሁ። አንደኛ፣ ለዘጠኝ ዓመት ያለ ነቀፋ ማገልገሌ የታወቀ ሲሆን። ሁለተኛ፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት ከደጅዎ ቀርቼ የማላውቅ ሲሆን፣ ባለፈው ነሐሴ የቀረሁትም ወንዙ ሞልቶ መሆኑን እርስዎ ራስዎ የሚያውቁት ሲሆን። ሦስተኛ፣ የበላይ ሹሜ ክፉ ሰው ባይሆኑም ሲናደዱ ጆሮ ስለሌላቸው፣ ፈገግታ የሚባል ነገርም ስላልተሰጣቸው፣ ልባቸውን እንዲያራሩልኝ። ከታች በግራ በኩል «ግልባጭ፦ ለእመቤታችን ለቅድስት ድንግል ማርያም» አልሁ። በመጨረሻም «አባሪ፦ አንድ ጧፍ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሐሳቤ ለንስሓ አባቴ ሰጥቼ በበዓሉ ቀን መቅደስ ይዘውልኝ እንዲገቡ ነበር። ግን አባሪ ብዬ የጻፍሁት ጧፍ በእጄ የለም። አባሪ የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ያልተሟላ ነው ተብሎ እንደሚመለስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ጧፍ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተላላኪ ነበሩ። የሰበታ ተወላጅ ናቸው፤ ሁላችንም በኦሮምኛ «ኦቦ» ብቻ እንላቸዋለን፤ «አቶ» እንደ ማለት ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን አንድም ቀን ወረቀት አሳስተው አያውቁም። የሚለዩት በመልኩ ነው። ላይ በቀኝ ሁለት አጭር መስመር፣ መሐል የተሰመረበት አንድ መስመር፣ ታች በግራ ትንንሽ ጽሑፍ ካለበት፣ ያ ወረቀት የሹሙን ፊርማ የሚጠብቅ ነው፤ ቀይ ማኅደር ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ ሲሠሩ ከእኔ የበለጠ ዓመት ቆይተዋል።

«ኦቦ፣ እዚህ የተውሁትን ወረቀት አይተዋል?» አልኋቸው።

«ከተትሁት እንጂ።»

«የት?»

«ቀዩ ማኅደር ውስጥ ነዋ! ሹሙ ይዘውት ሄዱ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተጠርተው፣ እዚያ ሆነው እፈርማለሁ ብለው። ለሚካኤል ይመለሳሉ።» ፊቴን አይተው መሰለኝ ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «ሲያምር ደግሞ! ከሁሉም ያማረው እሱ ስለሆነ ከላይ አደረግሁልህ።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልሁ። ጧፉ በእጄ ነው።

«ሂን ያዳኢን» አሉኝ ኦቦ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፤ አይዞህ አትጨነቅ ማለታቸው ነው። «ቀለሙ በደንብ ደርቋል።»

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ንስሓ አባቴ ሄድሁ። እሳቸው ከከተማው ዳር፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚያርሱ ካህን ነበሩ። ወቅቱ የጤፍ አጨዳ ነው። ማጭዱን በግራ እጃቸው አድርገው በቀኝ እጃቸው መስቀል አሳለሙኝ። እኔ ከማሳው ጠርዝ ቆሜ፣ እያስነጠስሁ፣ የሆነውን ሁሉ ከመንግሥት ወረቀቱ ጀምሬ ነገርኋቸው። ስለ ሹሙ ጆሮ የጻፍሁት ላይ ስደርስ ነዶው ላይ ተቀመጡ። «አባሪ» ያልሁት ላይ ስደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባ፣ እኔ እኮ እንጀራዬ ሊሄድ ነው!» አልሁ። ድምፄ ተሰበረ። ያን ያህል መጨነቄን እስከዚያች ሰዓት ለራሴም አልነገርሁትም ነበር።

መሳቃቸውን ተዉ። «ልጄ፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገበሬ ችግሩን ይዞ እናንተ ዘንድ ሲመጣ ምን ትሉታል?»

«በጽሑፍ አቅርብ።»

«ካቀረበስ?»

«ነገ ተመለስ።»

«እና እግዚአብሔርን እንደ ራሳችሁ አደረግኸው?»

ወዲያው ቀኖናዬን ሰጡኝ። እኔ ስግደት መስሎኝ ጉልበቴን እያዘጋጀሁ ነበር።

«እስከ ሚካኤል ድረስ ስለ ሥራህ አንዲት ቃል እንዳትለምን። ጠዋትና ማታ አባታችን ሆይ ትላለህ፤ እዚያ ላይ ታቆማለህ። ማብራሪያ የለም። ተራ ቁጥር የለም። የሚያውቀውን አትንገረው።»

ጸሐፊ ነኝና ቀዳዳ ፈለግሁ። «አባ፣ ጸሎቱ ራሱ ስለ ዕለት እንጀራ ይላል እኮ። እሱስ ስለ ሥራ አይደለም?»

«የዕለት ነው የሚለው» አሉና ማጭዳቸውን አነሡ። «የታኅሣሥን ማን ጠየቀህ?»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኋት። ደብዳቤው ሹሙ እጅ መግባቱን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀኖናውን ስትሰማ ግን ፊቷ በራ። «እኔ ዘጠኝ ዓመት ለፍቼ ያቃተኝን! ስለ መሥሪያ ቤት እንዳትናገር ማድረግ! አባ ዕድሜ ይስጣቸው» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። በማለዳ ደጁ ላይ ቆሜ ጸሎቴን ጨረስሁ፤ ከንፈሬ ግን «ይልቁንም» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጥ አድርጌ ሄድሁ። ጸሎቱ ይህን ያህል አጭር መሆኑን ረስቼው ኖሯል። መሥሪያ ቤት የደረስሁት ከሁሉ ቀድሜ ነው፤ የምቆምበት ምክንያት አልነበረማ። ቀኑን ሙሉ ልቤ ወደ አዲስ አበባ ይሮጣል፤ ሹሙ ማኅደሩን ሲከፍቱ ይታየኛል። ልለምን እልና ቀኖናዬ ትዝ ይለኛል። የማልለምነውን ነገር ደግሞ እንዴት ብዬ ልሸከመው? ሲደክመኝ አስቀመጥሁት። እንዲህ ነው የሆነው፤ ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልናገረው አልችልም። ማታ ሚስቴ ያቀረበችልኝን በልቼ ጨረስሁ። እሷ ሳህኑን አየችና ሌላ ጨመረች።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ወጨጫን አየሁት። ተራራው የመጣው ያን ዕለት አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ መሬት መሬት እያየሁ ሳልፍ እዚያው ቆሞ ነበር። በጅማ መንገድ ጤፍ የጫኑ አህዮች ይወርዳሉ፤ ሰዎቹ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርህ፣ ይሉኛል፤ እኔም «ነጋ» እላለሁ። ሰላም ነኝ ማለት ነው። ስንት ጊዜ በውሸት ብየዋለሁ፤ የዚያን ቀን እውነት መሆኑ ለራሴም ደነቀኝ። የያዘኝ ወንበሩ አለመሆኑን ያወቅሁ መሰለኝ። ወንበሩ ቢወሰድ የያዘኝ እንደያዘኝ ነው። ይህን ስል ጀግና ሆንሁ ማለቴ አይደለም። የሹሙን መኪና ድምፅ ያኔ ብሰማ ኖሮ ጠረጴዛ ሥር እገባ ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ነጋ። በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ነው። ሰበታ በጭስ ተሸፍና ሰው ከሰው አይተያይም። መሥሪያ ቤታችንም አይቀርም፤ ኦቦ የዓመቱን የተበላሸ ወረቀትና ቅጠል ግቢው መሐል ከምረው እሳት ለቀውበታል። እኔ በሩን አልፌ ስገባ በጭሱ ውስጥ አንድ ረዥም ሰው ቆሞ አየሁ። ኮት ለብሷል። በብብቱ ቀይ ማኅደር ይዟል።

«ና ወዲህ» አሉኝ ሹሙ።

ሄድሁ። ኦቦን እንጨት አምጣ ብለው ላኳቸው። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ማኅደሩን ከፍተው ደብዳቤዬን አወጡ። ወደ እሳቱ ሊጥሉት ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ እኔ እከተላለሁ።

«ይህ የአንተ እጅ ነው?»

«ነው፣ ጌታዬ።» በሰበታ ሌላ እንደዚያ የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን ሳላስብ አልቀረሁም።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ሄጄ ኮሪደር ላይ ሦስት ሰዓት አስቀመጡኝ» አሉ። ወደ እኔ አላዩም፤ እሳቱን ነበር የሚያዩት። «አግዳሚ ወንበር ላይ። እዚህ ባለጉዳይ የምናስቀምጥበት ዓይነት። ሰዓቱ አልሄድ ሲለኝ ልፈርም ብዬ ማኅደሩን ከፈትሁ። ከላይ ያንተ ነበር።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ…»

«ስለ ጆሮዬ የጻፍኸው ትክክል ነው። ባለቤቴም ትለኛለች።» ሳል ያዛቸው። ሦስት ጊዜ አሳሉ፤ ልማዴ ሆኖ ቆጠርሁ። «መጨረሻ ላይ አስገቡኝና ቦታዬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገሩኝ። እኔን ወዴት እንደሚያደርጉኝ አልተወሰነም። ነገ ተመለስ አሉኝ፤ ዛሬ በዓል ነው ብዬ መጣሁ።»

ስፈራው የኖርሁት ሰው እሱም እንደ እኔው የሚፈራ ሰው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሳላቸውን ስተረጉም፣ አንድም ቀን የእሳቸው ጭንቀት ይሆናል ብዬ አልገመትሁም። አዘንሁላቸው፤ በራሴም አፈርሁ።

ደብዳቤውን ሰጡኝ። ጠርዙ ላይ እንደ ልማዳቸው በቀይ ቀለም መርተውበታል። እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ ከዚህ ጽሕፈት ቤት ሥልጣን በላይ ስለሆነ በቀጥታ ለባለ ሥልጣኑ ይቅረብ።» ከዚያ በታች፣ ከእኔ ስም ሥር፣ በትንንሽ ፊደል አንድ ስም ተጽፏል። ፊርማቸውን በሕልሜም አውቀዋለሁ፤ ይህ ፊርማ አይደለም። ማዕረግ የለውም፤ ማኅተም የለውም። የክርስትና ስማቸው ነበር።

«ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የኔንም አብረህ አድርስልኝ» አሉ። «እኔ ብሄድ ሰው ያየኛል።» ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ጭሱ ነው» አሉ፤ ሳልጠይቃቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤውንና ጧፉን ይዤ አባ ፊት ቀረብሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ዳር ላይ ደረቅ ቅጠል ይነዳል። አባ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ቀዩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስሙ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ማን እንደሆነ ገባቸው፣ አልጠየቁኝም።

«ጧፉን አብራው» አሉ። «ሁለቱን ስም ይዣለሁ፤ ጸሎት ላይ አነሣቸዋለሁ። ስም ይበቃል።»

«ደብዳቤውስ አባ?»

በአገጫቸው የሚነደውን ቅጠል አሳዩኝ።

እውነቱን ልናገር፤ አሳሳኝ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ! እጄን ዘርግቼ እሳቱ ላይ አስቀመጥሁት። መጀመሪያ ተራ ቁጥሮቹ ጠቆሩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ሄደ፤ ወንዙ ሄደ፤ የሹሙ ጆሮ ሄደ። ጭሱ ከአገሩ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ ወጣ። አባ ጭሱን በዓይናቸው ተከትለው «ይኸው፣ ወጪ ተደረገ» አሉኝ። ሳቅሁ። እያለቀስሁ እንደነበር ያወቅሁት ስስቅ ነው።

አሁን አንባቢ መልአኩ ምን አደረገ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። በታኅሣሥ ታይፒስቷ መጣች። ጎበዝ ነበረች። አረንጓዴውን ጨርቅ ገልጣ መኪናውን ስታንጫጫው የእኔን የቀን ሥራ እስከ ምሳ ጨረሰችው። እኔ ከመሥሪያ ቤቱ አልተባረርሁም፤ ከጠረጴዛዬ ግን ተባረርሁ። መዝገብ ቤት ገባሁ፤ አቧራውም እንደ ድርቆሹ ያስነጥሰኛል። ቀሪ ዘመኔን በዚያ ክፍል አሳለፍሁ። ከዚያ በኋላም ሰው ይቀነሳል የሚል ወሬ ስንት ጊዜ መጣ! በመጣ ቁጥር ትንሽ እደነግጥና የታኅሣሥን ማን ጠየቀህ እላለሁ፤ ምሳዬንም እበላለሁ። የፈራሁት ሆነብኝ፤ ሲሆን ግን አልወደቅሁም። የተሰጠኝ መልስ ይህ ነው፤ ካመለከትሁት ይበልጣል።

ሹሙን እሩቅ ጠረፍ፣ ከድሮው ያነሰ ቦታ ላኳቸው። የሚሄዱ ዕለት ጅማ መንገድ ዳር አውቶቡስ ሲጠብቁ ኦቦና እኔ ሸኘናቸው። ሌላ ሸኚ አልነበረም። ኦቦ ሻንጣቸውን ሊያሳፍሩ ሲሄዱ ሹሙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያ ጉዳያችን ምን ደረሰ?»

«ወጪ ሆኗል፣ ጌታዬ። ግን ቁጥር አልሰጠሁትም።»

ፈገግ አሉ። ጥርሳቸው ሁሉ ታየ፤ ግንባራቸው ሁሉ ተፈታ። የደብዳቤዬ ሦስተኛ ቁጥር ስሕተት መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማረሚያ እንዳልጽፍ ደብዳቤው ተቃጥሏል።

ዳግመኛ አልተያየንም። አሁንም በየወሩ በአሥራ ሁለት ደጁ ላይ ስቆም አጭሩን ጸሎቴን አደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ የሁለት ሰው ስም አነሣለሁ፤ የእሳቸውን አስቀድሜ ነው። የልጅ ልጆቼ ያ ሰውዬ ሥልጣናቸው ምን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ አስቤ ነው የምመልሰው፤ አንዳንዴም ይጠፋብኛል። ስማቸውን ግን አንድም ወር ረስቼው አላውቅም።